የቡና ወር ፈረስ የሚዘጋጀው በክረምት ነው

ጅማ ዳር፣ ከቦዬ ረግረግ ብዙም ሳይርቅ፣ በፈረስ የሚተዳደር አንድ ቤተሰብ አለ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ቤተሰቡን ያወቅኩት በሥራ ነው። ጉዳያቸውን የምጽፈው በፈረስ የሚኖር ሌላ ሰው እንዲያነበው ነው።

ስድስት ፈረስ ነበራቸው። ዳማና ቦራ የጋሪ ናቸው። ሁለት ባዝራዎች አሉ፤ አንዷ ውርንጭላ ታጠባለች። ስድስተኛው ጉራች ነው። ጉራች ጋሪ አይነካም። የአባትየው መቀመጫ ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለጥምቀት ይወጣል። ልጆቹ "ጡረተኛው" ይሉታል። ሳይሠራ ስለሚበላ ነው። አባትየው ይህን ቀልድ አይወዱትም።

ለጅማ ሰው ፈረስ እንግዳ አይደለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነበር። ምኒልክም አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ነበሩ። የዛሬው የጅማ ፈረስ ግን አብዛኛው ጋሪ ጎታች ነው። አስፋልቱን ባጃጅ ወስዶበታል። ለፈረስ የቀረለት ኮረኮንቹ፣ ጭቃውና ባጃጅ ገብቶ የማይወጣበት የቡና መንገድ ነው። ይህ መንገድ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ የሚከፍለው ቡና ሲደርስ ነው።

ስለዚህ የቤተሰቡ ዓመት በቡና ይለካል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቡናው ይቀላል፤ ጥቅምትና ኅዳር ዋናዎቹ ናቸው፤ ታኅሣሥ ላይ ይቀዘቅዛል። እሸቱ ወደ ማጠቢያ፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው፣ ወደ መጋዘን ይጓጓዛል። ሴት ልጃቸው የአስረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የቤቱን ሂሳብ የምትይዘው እሷ ናት። ደብተሯን አሳይታኛለች። በቡና ወራት ገጹ ይሞላል። ሐምሌ ላይ ግን በአንድ ገጽ ሦስት ሳምንት ይገባል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። ቤተሰቡ ገንዘብ የሚያገኘው በእነዚህ ወራት ሆኖ ሳለ፣ ልክ ቡናው ሲቀላ አንዱ የጋሪ ፈረስ ወድቆ ሌላው ሊከተለው የደረሰው ለምንድን ነው? ቤተሰቡ መጀመሪያ የሰጠው መልስ "እድላችን ነው፣ ዓይን ነው" የሚል ነበር። መንደሩ ውስጥ የሚያስቀና ፈረስ ስለነበር ዓይን ማለታቸው አልገረመኝም። እኔ ያየሁት ግን የክረምቱን ሥራ ነው።

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምት ነው። ከሰኔ ጀምሮ የጋሪ ሥራ ይቀንሳል። ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ወይም ቤቱ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ያደርግ ነበር። አንደኛ፣ ፍሩሽካውንና ፋጉሎውን ያቆማል። "ሣር ሞልቶ ለቆመ ፈረስ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?" ይላል ታላቁ ልጅ። ሁለተኛ፣ ፈረሶቹን ጠዋት ሜዳ ላይ አስሮ፣ ዝናቡ ሲመጣ ወደ ጋጥ ያስገባቸዋል። ሌባም አለ፣ ጅብም አለ፤ ውጭ አያሳድሯቸውም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሣሩ በእርግጥ ሞልቷል። ነገር ግን የክረምት ለጋ ሣር ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ቢያንስ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህን ከእርጥብ ሣር ላግኝ ቢል 25 ኪሎ መጋጥ አለበት። በአጭር ገመድ ታስሮ፣ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ቆይቶ፣ ይህን ያህል ሣር አይግጥም። ፈረስ ከብት አይደለም፤ ተኝቶ የሚያመሰኳው የለውም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ቀስ እያለ መብላት አለበት። እነዚህ ፈረሶች ግን ከሰዓት በኋላውንና ሌሊቱን ባዶ ግርግም እያዩ ነበር የሚያሳልፉት። ሆዳቸው በውሃና በአየር ስለሚነፋ ከሩቅ ሲታዩ የጠገቡ ይመስላሉ። ወገባቸው ላይ እጅ ሲያሳርፉ ግን አጥንቱ ይቆጠራል።

ሌላው ጭቃው ነው። ጋጡ ወለሉ አፈር ነበር። ሽንቱ፣ ፋንድያውና የዝናቡ ፍሳሽ እዚያው ይቀላቀላሉ። የቦራን የኋላ ኮቴ አንስቼ ቆሻሻውን በጩቤ ጫፍ ስጠርግ፣ ከኮቴው መሃል ባለው ስንጥቅ ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር ወጣ። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ኮቴው እየበሰበሰ ነበር። ፈረሱ ገና አላነከሰም፤ ታናሹ ልጅ ደግሞ ኮቴ ያነሳው ኮረኮንች የገባበት ሲመስለው ብቻ ነበር።

ዋናው ችግር የመጣው ግን በጠፍሩ በኩል ነው።

የጋሪ ዕቃ ክረምት ላይ ቶሎ አይደርቅም። ደረት ላይ የሚያልፈው ጠፍር ዝናብ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይደድራል፣ ቆዳ ይልጣል። ዳማ ሐምሌ ላይ ደረቱ በግራ በኩል ተላጠ። ቁስሏ ትንሽ ነበረች። የክረምት ዝንብ ግን ትንሽ ቁስልም አያልፍም። ነሐሴ ላይ ከቁስሉ አጠገብ አንዲት እብጠት ወጣች፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሰፈሩ እንደሚያደርገው በጋለ ብረት ተኮሱት። እብጠቱ አልቆመም።

እኔ የተጠራሁት መስከረም መገባደጃ ላይ ነው። አባትየው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ገጣባ ነው" አሉኝ፣ ገና ሳላየው። "ጋሪ የሚስብ ፈረስ ገጣባ አያጣም። መድኃኒት ቀብተህ ተወው።"

"ጋሼ፣ ገጣባ ቢሆን እኮ ተላጠ የተባለበት ቦታ ብቻ ይቀር ነበር። ይሄ በመስመር ተሰድሯል፤ ይንኩት።"

ነኩት። ከደረቱ እስከ ፊት እግሩ ጉልበት ድረስ፣ ቆዳው ስር እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ነበሩ። የላይኞቹ ፈንድተው ወፍራም መግል ያወጣሉ። የታችኞቹ ገና ጠጣር ናቸው። እብጠቶቹን የሚያያይዘው ሥር በጣት ሲከተሉት እንደ ገመድ ደድሯል። አባትየው እጃቸውን አነሱና "ቢቼ" አሉ። ስሙን ያውቁት ነበር። በሽታውን የሚያውቁት ግን በሰው ፈረስ ላይ ነው።

ቢቼ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ገብቶ የሊምፍ ሥርን ተከትሎ ይሄዳል። አገራችን ውስጥ የጋሪ ፈረስ ዋና ጠላት ነው። በብዛት የሚታየው ሞቅና ረጠብ በሚል ወይና ደጋ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚወስደው ዝንብ ነው፤ ከዝንብ ባልተናነሰ ደግሞ የጋራ ዕቃ። ኮርቻ፣ ጠፍር፣ ልብድ፣ ቁስል የተጠረገበት ጨርቅ፣ ሁሉም ያስተላልፋሉ። ምልክቱ እስኪወጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ግላንደርስ የሚባለው አደገኛ በሽታ መልኩ ስለሚቀራረብና ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ፣ መግሉን በማይክሮስኮፕ ሳያዩ መፍረድ ልክ አይደለም። መግሉን ወሰድን፤ ፈንገሱ ታየ።

ያን ቀን "ቦራስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ታላቁ ልጅ ዝም አለ። እናትየው ናት የተናገረችው። ነሐሴ ላይ የቦራ ጠፍር ተበጥሷል። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሥራ ነበር፤ ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ገንዘብ ያስፈልጋል። ዳማ ታሞ ስለቆመ ጠፍሩ ያለ ሥራ ተሰቅሏል። ወስደው ለቦራ አሰሩለት። ማንም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔ ልጁን አልወቀስኩትም። የቦራን ደረት ስንዳብስ፣ ጠፍሩ በሚያርፍበት ልክ፣ ሁለት ጠጣር እብጠቶች አገኘን። አልፈነዱም ነበር።

እንግዲህ ቡናው ቀልቷል፤ ሁለቱም የጋሪ ፈረሶች ታመዋል።

የቤተሰብ ስብሰባው ማታ ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ተደረገ። እኔም ተቀምጬ ነበር። የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ዳማን መሸጥ ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣ ገዢ በርካሽ ሊወስደው ይፈልጋል፤ ጥቂት ጊዜ አሠርቶ ሊጥለው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አባትየው ወደ መሸጡ አዘንብለው ነበር። እናትየው "ሸጠን የሰው በረት ውስጥ ቢቼ ልናስገባ? እኔ በዚህ ብር ለልጆቼ እንጀራ አልጋግርም" አለች። ወሬው እዚያው ቆመ።

ሁለተኛው ሐሳብ መልቀቅ ነበር። በየከተማችን ዳር የምናያቸው፣ አጥንታቸው የወጣ፣ ቆሻሻ የሚለቅሙ ፈረሶች እንዲህ የተለቀቁ ናቸው። መኪና ይገጫቸዋል፣ ማታ ጅብ ይበላቸዋል፣ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ዝንቡን ይመግባሉ። በእኔ እይታ ከመሸጥም የሚከፋው ይህ ነው፤ ባለቤት ስለሌለው የሚጠየቅበትም የለም።

የቀረው ማከም ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፖታሲየም አዮዳይድ ነው፤ በመኖ ይሰጣል። የበሰለው እብጠት ይከፈትና በአዮዲን ይታጠባል። በጊዜ ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ይሠራል። መገጣጠሚያና ዓይን ከደረሰ ግን ተስፋው ይመነምናል። ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል፤ መድኃኒቱም ሁልጊዜ ገበያ ላይ አይገኝም። ፈረሱ ዓይኑ እንባ ማፍሰስና ቆዳው መፈርፈር ከጀመረ መድኃኒቱ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ይቆማል። ለእርጉዝ ባዝራም አይሰጥም፤ ሊያስወርዳት ይችላል። ባለጋሪን የሚያከስረው ግን የመድኃኒቱ ዋጋ አይደለም። በቡና ወር ፈረስን አስቁሞ ማየት ነው።

ቦራ ሁለት ወር ገደማ ቆመ። ልጅቷ ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን በፍሩሽካ እየለወሰች ሰጠችው፤ እያንዳንዱን ቀን ደብተሯ ላይ ምልክት አደረገች። ከአንድ ቀን በቀር አልዘለለችም፤ ያም ፈተና የነበረባት ቀን ነው። ኅዳር ላይ ሁለቱ እብጠቶች ጠፍተው ጠባሳ ሆኑ። ዳማ ግን ጉልበቱ አብጦ እግሩን መርገጥ አቃተው፣ ቀጥሎ ግራ ዓይኑ መግል ያዘ። በመርፌ እናሳርፈው አልኳቸው። እኛ አገር ይህን ማለት ቀላል አይደለም፤ ሰው "እግዜር ሳይወስደው?" ይላል። አባትየው ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ጉድጓዱን ልጆቹ ቀድመው ቆፍረውት ነበር፤ ጥልቅ፣ ከውሃ የራቀ። ጠፍሩን፣ ልብዱንና የቁስሉን ጨርቆች አቃጠልናቸው። ጠፍሩ ጥሩ ቆዳ ስለነበር ታላቁ ልጅ ሲቃጠል አላየም፤ ወጥቶ ሄደ።

ጥቅምት በሙሉ ቤቱ ጋሪ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ታላቁ ልጅ የሌላ ሰው ጋሪ በቀን ሂሳብ ነዳ። አንዷን ባዝራ፣ የማታጠባዋን፣ ለጋሪ ሊያስለምዷት ሞከሩ፤ አልሆነም፣ ከሰው ጭነት ጋር ገደል ልትገባ ነበር። ጉራችን እንሞክረው ያለ ግን የለም። ታናሹ ልጅ እንኳ አልደፈረም።

ቦራ ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ ሥራ ሲመለስ አጫጫኑን ለወጥን። ጀንፈል ሲጫን ከጎማው ኋላ ከበዛ የጋሪው የፊት ብረቶች ወደ ላይ ይነሳሉ፤ የሆድ ጠፍሩ ፈረሱን ከታች ያንቀዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ክብደቱ ጀርባው ላይ ይወድቃል። ልጁ አሁን ጭኖ ሲጨርስ ብረቶቹን በሁለት እጁ ያነሳል። በቀላሉ ከተነሱና ራሳቸው ካልተወረወሩ ጭነቱ ልክ ነው። በጠፍሩና በደረቱ መሃል ደግሞ አራት ጣት መግባት አለበት። ይህን ለማድረግ ደቂቃ አይፈጅም። ተራ የሚጠብቁት ሌሎቹ ባለጋሪዎች መጀመሪያ ሳቁበት።

ስለ በጋው ብዙ የምለው የለኝም። ጥር ላይ ጉራች ለጥምቀት ወጣ፤ አባትየው ደስ አላቸው። ሣሩ ይደርቃል፤ ጭድና የበቆሎ አገዳ ይገዛል። ሻጋታ ያለው አገዳ ገብቶ ቦራ አንድ ሌሊት ሆዱን ታመመ፤ መሬት ላይ እየተንከባለለ አደረ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የበላው መጥፎ ነገር መውጫው አንድ ነው። ስለዚህ የሸተተ መኖ ለላም እንጂ ለፈረስ አይሰጥም የሚባለውም ለላሟ ደግ አይደለም፤ ለማንም አለመስጠት ነው የሚሻለው። ድንጉላ የሚቀጠቀጠውም በዚህ ወቅት ነው፤ ዝንብ ስለሌለ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል።

የሚቀጥለው ክረምት የሚዘጋጀው በበልግ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁሉንም ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ አስከተብናቸው። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። በሽታውን የምታመጣው ከዝንብ በጣም የምታንስ ትንኝ ናት፤ ከዝናቡ በኋላ ትፈላለች፣ ምሽትና ንጋት ላይ ትነክሳለች። ሳንባ የያዘው ፈረስ በአብዛኛው አይተርፍም። ክትባት የሚሠራው ከዝናቡ በፊት ከተሰጠ ነው፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው የጎረቤት ፈረስ ሲሞት ነው።

የጋጡን ወለል ከፍ አድርገው ድንጋይና ጠጠር አለበሱት፤ ወደ ኋላ ዘንበል ስለሚል ሽንቱ ይወርዳል። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ጠፍር አለው፤ ልጅቷ በየጠፍሩ የተለያየ ቀለም ጨርቅ ሰፍታበታለች። ጠፍሩ ማታ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል። ኮቴ በየቀኑ ይጠረጋል። ከሁሉም በላይ የታገልኩት ግን ለክረምቱ ፍሩሽካ ነው። ገንዘቡ ከቡናው ላይ ተነስቶ ለብቻው እንዲቀመጥ ተስማሙ፤ እናትየው ናት የምትይዘው። የቀለሙ ጨርቅ ሲወራለት ሰማሁ፤ ጎረቤትም ቀድቶታል። የእኔ ግምት ግን ቦራን ክረምቱን ያሻገረው ማታ ማታ ግርግሙ ውስጥ የሚገባው ድርቆሽና ፍሩሽካ ነው። የጠገበ ፈረስ ቁስሉ ቶሎ ይደፈናል።

የዳማን ቦታ ማን ይተካ የሚለው ብዙ አከራከረ። ታናሹ ልጅ ባዝራዎቹንም ቦራንም ሸጠን የባጃጅ ቅድመ ክፍያ እንክፈል ይላል። ሐሳቡ ቂል አይደለም። ባጃጅ ቢቼ አይዘውም፣ በክረምት አይከሳም። አባትየው ሊቆጡ ሲሉ እናትየው ቀደመች፦ "ቦራን ሸጠህ እኮ የምታገኘው ጎማውን ነው" አለችው። እሱም ሳቀ። ባጃጁ ቢመጣም ቡናው ወዳለበት ቁልቁለት እንደማይወርድ ያውቃል፤ ግን ሐሳቡን አልተወም። ለብቻው እቁብ ገብቷል።

ግንቦት ላይ ከዴዶ በኩል አንድ መጋላ ፈረስ ገዙ። ገበያው ላይ ሻጩ ጥርሱን ሊያሳያቸው አፉን ሲከፍት፣ እናትየው ጎንበስ ብላ ከደረቱ እስከ ኮቴው በእጇ ዳበሰችው፣ በአራቱም እግር። ከዚያ ነው ዋጋ የተጠየቀው። ቤት ከመጣም በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በጓሮ በኩል፣ በራሱ ባልዲና በራሱ ገመድ ቆየ። ታላቁ ልጅ በየቀኑ "ዛሬስ?" እያለ ይነዘንዝ ነበር። እናቱ የፈቀደችለት ሰኔ ሲገባ ነው።